ሁለት አፍ መፍቻ ያላት ከተማ

ሎቪሳ በፊንላንድ፣ ከዋና ከተማዋ ከሄልሲንኪ በስተምሥራቅ፣ በባሕር ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ነዋሪዋ 15 ሺህ ቢጠጋ ነው። ልጄ ከባሏና ከልጇ ጋር የምትኖረው እዚያ ስለሆነ ጥቂት ወራት አብሬያቸው ሰንብቻለሁ።

የመንገዱ ሰሌዳ ሁሉ ሁለት መስመር አለው፤ ከላይ ፊንላንድኛ፣ ከሥሩ ስዊድንኛ። ከአሥር ነዋሪ አራቱ ያህል አፉን የፈታው በስዊድንኛ ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ደግሞ ፈጽሞ አይዛመዱም። ስዊድንኛ የጀርመንኛና የእንግሊዝኛ ዘመድ ሲሆን፣ ፊንላንድኛ የሚወለደው ከኢስቶኒያና ከሃንጋሪ ቋንቋዎች ጋር ነው።

እንዴት አንድ ላይ መኖር ቻሉ? ነገሩ ከጦርነት ይጀምራል (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ፊንላንድ ለብዙ መቶ ዓመታት በስዊድን ሥር ነበረች። ስዊድን በ1743 በሩሲያ ተሸንፋ የምሥራቅ ግዛቷን ስታጣ፣ አዲሱን ድንበር እንድትጠብቅ ይህችን ከተማ በ1745 ቆረቆረች። በ1752 ንጉሥ አዶልፍ ፍሬድሪክ በንግሥታቸው በሎቪሳ ኡልሪካ ስም ሰየሟት። በ1809 አገሩ በሙሉ በሩሲያ እጅ ገባ። በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ፣ በ1855፣ እንግሊዞች የደሴት ምሽጓን አፈረሱ፤ በዚያው ዓመት ከተማዋንም እሳት በላት።

ያን ጊዜ የቢሮውና የትምህርቱ ቋንቋ ስዊድንኛ ነበር። አብዛኛው ገበሬ የሚናገረው ፊንላንድኛ ግን ከቤትና ከእርሻ ብዙም አላለፈም። በ1863 የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ አሌክሳንደር ፊንላንድኛ በ20 ዓመት ውስጥ ከስዊድንኛ እኩል እንዲሆን አወጁ። አገሪቱ በ1917 ነፃ ከወጣች በኋላም ሁለቱም ብሔራዊ ቋንቋ ሆኑ። ዛሬ በአንድ ወረዳ በቁጥር የሚያንሰው ወገን ከነዋሪው 8 በመቶ ወይም 3 ሺህ ሰው ከሞላ፣ ወረዳው በሁለቱም ቋንቋ ማገልገል አለበት። ሕመምተኛም በሁለቱ በመረጠው የመታከም መብት አለው።

ለእኔ ከሁሉም የበለጠብኝ ይኸኛው ነው። በነርስነት ዘመኔ የሕመሟን ቦታ በአማርኛ መናገር ያልቻለች እናት በጽዳት ሠራተኛ አስተርጓሚነት ስትታከም አይቻለሁ። ስንቱን የሴት ነገር ለማያውቁት ሰው ይናገሩታል? አንድ አዛውንትም ትዝ ይሉኛል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጥርት ያለ አማርኛ ሲናገሩ ኖረው የመርሳት ሕመም ሲጸናባቸው የቀራቸው የልጅነት ኦሮምኛቸው ብቻ ነበር። ልጆቻቸው ቋንቋውን ስላልተማሩ አባታቸው ውኃ ሲጠይቁ እንኳ የሚሰማቸው አላገኙም። ሰው በስተርጅና የኋለኛውን ጥሎ ወደ አፍ መፍቻው መመለሱ በሕክምና የታወቀ ነው።

ሎቪሳዎች የሙዚቃ ደራሲውን ዣን ሲቤሊየስን የእኛ ነው ይላሉ፤ የአባቱ ቤተሰብ አገር ነውና የልጅነት ዕረፍቱን የሚያሳልፈው እዚያ ነበር። ሐኪም የነበሩት አባቱ በ1868፣ በረሃቡ ዘመን፣ በሽተኞች ሲያክሙ ተስቦ ይዟቸው ሞቱ። በቤት የሚነገረው ስዊድንኛ ሆኖ ሳለ ሕፃኑን ፊንላንድኛ ትምህርት ቤት አስገቡት። አንዱ ቋንቋ ሌላውን አላጠፋበትም፤ ዛሬ ሁለቱም ወገን ይኮሩበታል።

በልጄ ቤት የነበረው ጭንቀትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የልጅ ልጄ በሕፃናት ማቆያ ስዊድንኛ፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር ፊንላንድኛ፣ በቤት አማርኛ ትሰማለች። አማቼ «ትምህርት ቤት ስትገባ ወደኋላ ትቀራለች» ብሎ ሰጋ። ልጄም «እማዬ፣ ሦስት ቋንቋ አይከብዳትም? አማርኛውን ብንተወውስ?» አለችኝ።

«ልጄ፣ ፊንላንድኛውን አገሩ ያስተምራታል፤ ስዊድንኛውን ማቆያዋ ይሰጣታል። አማርኛውን ከእናንተ በቀር ማን ይሰጣታል?» አልኳት። በዚያ አገር መዝገብ ለአንድ ሰው የሚጻፈው አንድ አፍ መፍቻ ብቻ ነው። ሲወልዷት «አማርኛ» ብለው አስመዝግበዋታል። «ወረቀቱ ብቻውን እንዳይቀር» አልኩ። አማቼ ወዲያው አልተቀበለኝም፤ በነገሩ ብዙ ምሽት ተነጋግረንበታል። በመጨረሻ በቤት አማርኛ ብቻ እንዲሆን ተስማሙ። እኔም በየእሑዱ በስልክ ተረት እነግራታለሁ። ስትመልስልኝ ሦስቱን ታደባልቃለች፤ ይህ የጤና ነው፣ ሲያድጉ ይለዩታል።

ይህን የምጽፈው ለውጭ አገር አያቶች ብቻ አይደለም። እዚሁ አዲስ አበባ ልጁ በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲያወራ የሚገፋ ወላጅ፣ አጠገቡ ተቀምጣ ከልጅ ልጇ ጋር መግባባት ያቃታት አያትም ሞልተዋል። ብዙ ቋንቋ መስማት ልጅን አያዘገይም። ሁለት ዓመት ሞልቶት በየትኛውም ቋንቋ ሁለት ቃል ማገጣጠም ካቃተው ግን ጤና ተቋም ወስዳችሁ ጆሮውን አስመርምሩለት። ከቤት ቋንቋ መቀነስ መድኃኒት አይሆነውም። አያቶችም የልጅ ልጆቻችን በሌላ ቋንቋ ሲመልሱልን ሳናኮርፍ በራሳችን ቋንቋ ማውራታችንን እንቀጥል።