የአባዬን ቮልስ ይዘን ወደ ሐዋሳ

አባዬ በሕይወት ሳለ፣ እሑድ ጠዋት ከቤታችን የሚሰማው ድምፅ ሁለት ነበር፤ የእናቴ የቡና ሙቀጫና የአባዬ ባልዲ። እሷ ቡናውን ስትወቅጥ፣ እሱ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ሰማያዊዋን ቮልስ ወደ ሐይቁ ሊወስዳት ይሰናዳል። ያኔ የምንኖረው ሐዋሳ ነበር። እኔና ወንድሜ ባልዲውን መካከላችን አድርገን ከኋላ እንቀመጣለን። ዳርቻው ስንደርስ አባዬ የፊት ጎማዎቹ ውሃ እስኪነኩ ድረስ መኪናዋን ዝቅ ያደርጋታል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ሳሙና፣ አረፋና ሳቅ ነው።

መኪናዋ ታጥባ ስትደርቅ፣ አባዬ ከኪሱ የታጠፈ ለስላሳ ጨርቅ፣ ከወንበሩ ሥር ደግሞ ክብ የፖሊሽ ጣሳ ያወጣል። ከኮፋኖው ይጀምርና በሾፌሩ በር ይጨርሳል። በበሩ ላይ የራሱን ፊት ካላየ አያቆምም ነበር።

አባዬ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው። ቮልሷ ለእኔ ደረሰችኝ። ዘንድሮ ትምህርት ቤት እንደተዘጋ፣ ከባለቤቴ፣ ከ11 ዓመት ወንድ ልጄና ከ7 ዓመት ሴት ልጄ ጋር ይዘናት ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ ወረድን። ለሰው የተናገርነው ሽርሽር ነው ብለን ነው። እኔ በልቤ የያዝኩት ግን ሌላ ነበር፤ ልጆቼ ያቺኑ መኪና፣ በዚያው ውሃ፣ አያታቸው በቆመበት ቦታ ቆመው እንዲያጥቧት።

አቧራ ላይ የተጻፈ ስም

ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአዲስ መኪና የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ በቮልስ ሲሆን ግን ቀኑን ሙሉ መስጠት ይሻላል። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የምትቀዘቅዘውም በውሃ ሳይሆን በአየር ስለሆነ፣ ባለቤቴ «ራዲያተር የላት፣ ምን ታስቸግረናለች?» እያለ ያሞግሳታል። እሷም ቀስ ብላ፣ እንደ ልብስ ስፌት መኪና እየተንጣጣች፣ ሞጆን፣ መቂን፣ ዝዋይን አለፈች። መቂ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም፣ ዝዋይ ላይ ዓሣ ይዘው የሚሮጡ ልጆችን እያየን፣ ላንጋኖ ላይ ቡናማውን ውሃ ከሩቅ ተሰናብተን፣ በአርሲ ነገሌና በሻሸመኔ በኩል ወረድን።

ሐዋሳ ስንገባ ቮልሷ ሰማያዊ መሆኗን የምናውቀው እኛ ብቻ ነበርን። ያረፍንበት ቤት ግቢ ውስጥ ልጄ በጣቷ ኮፋኖው ላይ በትልልቁ ስሟን ጻፈችበት። ሳቅን፤ ፎቶም አነሳናት። ምን እንዳደረገች የገባን በማግሥቱ ነው።

«ማታ ዓሣ ልትበሉ አይደል?»

ጠዋት በ1 ሰዓት አሞራ ገደል ደረስን። ሐዋሳ ሄዶ አሞራ ገደልን ያላየ ሐዋሳን አየሁ አይበል። ጀልባዎቹ መረባቸውን ይዘው ይመለሳሉ፤ ወጣቶቹ ቆሮሶውን በቢላ ፈጥነው ይገፉታል፤ ቁመታቸው ከልጄ የማይተናነስ አባ ኮዳዎች ደግሞ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ ያጣመሩ ሽማግሌዎች መስለው የሚጣልላቸውን ይጠብቃሉ። ልጆቹ የዓሣ ሾርባቸውን በሚጥሚጣ ጠጥተው፣ ባለቤቴ ሁለተኛ ከደገመ በኋላ፣ ዳርቻውን ይዤ የልጅነት ቦታዬን ፍለጋ ነዳሁ።

ያው ቦታ ይሁን አይሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ዛፉ ግን መሰለኝ። ልጄ ባልዲውን አወረደ፣ ልጅቷ የልብስ ሳሙና ዱቄቱን ቀደደች። በዚህ ጊዜ ጥቂት ራቅ ብለው መረብ የሚጠግኑ አንድ አዛውንት ቀና አሉ።

«ልጄ፣ ማታ ዓሣ ልትበሉ አይደል?»

«አዎ አባባ።»

«እንግዲያው ሳሙናውን አብራችሁ ትበሉታላችሁ» አሉና ወደ መረባቸው ተመለሱ።

ደሜ ፈላ። እዚህ ከተማ ያደግሁ ነኝ፤ እንደ እንግዳ መታየቱ አናደደኝ። «አባባ፣ አባቴ እኮ እዚሁ ነበር የሚያጥበው» አልኳቸው።

«እኔም አጥቤያለሁ» አሉ። «በወጣትነቴ ለእንጀራዬ የሰው መኪና እዚሁ አጥብ ነበር። ያኔ መኪናው ስንት ነበር? ጠዋት አንዱ፣ ማታ አንዱ። አሁን መንገዱ ላይ ቁጠሪው እስቲ፤ ባጃጁን፣ ሞተሩን፣ የጭነቱን። ጥቁር ውሃ ወደ ሐይቁ ያመጣል፤ ከሐይቁ የሚያወጣ ግን የለም።»

የሐዋሳን ሐይቅ ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። ሐይቁ ወደ 90 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስፋት አለው። የጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፤ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለውም። ጣና ዓባይን ይሸኛል፤ ዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ በኩል ወደ አብያታ ያካፍላል። ሐዋሳ ግን የተቀበለውን ይዞ ይቀመጣል። ውሃው በፀሐይ ይተናል፤ አብሮት የገባው ዘይትና ግራሶ ግን አይተንም። በሳሙና ዱቄት ውስጥ የሚኖረው ፎስፌት ደግሞ ለውሃው አልጌ ማዳበሪያ ነው። አልጌው በዝቶ ሲሞትና ሲበሰብስ፣ ዓሣው የሚተነፍሰውን አየር ይጨርስበታል።

ልጄ ባልዲውን እንደያዘ ቆሞ ይሰማ ነበር። «እማዬ፣ ታዲያ አያቴ ሐይቁን ያቆሽሸው ነበር ማለት ነው?»

ለዚህ ጥያቄ ዝግጁ አልነበርኩም። ያቺ እሑድ ጠዋት ከአባቴ የቀረችኝ ምርጥ ንብረት ናት። አያትህ አላጠፋም ብዬ ልዋሽ አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት።

«አዎ» አልኩት። «አላወቀም ነበር። ማንም አልነገረውም።»

«ቢነግሩትስ?»

«ባልዲውን ያነሳ ነበር።»

ልጄ ባልዲውን አነሳና መኪናው ውስጥ መልሶ አስገባው። አዛውንቱ ምንም አላሉም። ስንነሳ ግን እጃቸውን ከፍ አድርገው ሸኙን።

ላቫጆ

ወደ ከተማው ተመልሰን አንድ ላቫጆ አገኘን። ባለቤቴ ስለ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ልጄ ቀድሞ፣ «ውሃው የት ነው የሚሄደው?» አለ። አጣቢው ወጣት ፈገግ ብሎ፣ ሲሚንቶው ወለል ወደ አንድ ጥግ ዘንበል ያለበትን አሳየው። ውሃው መጀመሪያ አሸዋና ጭቃ ወደሚዘቅጥበት ጉድጓድ፣ ቀጥሎ ዘይቱ ከላይ ወደሚንሳፈፍበት ሌላ ጉድጓድ ይገባል። ዘይቱ እየተቀዳ ይነሳል፣ ጭቃው ይዛቃል። በየላቫጆው እንዲህ ያለ ጉድጓድ አይገኝም፤ ስለዚህ ጥያቄው መጠየቅ ያለበት ነው።

ተራ ስንጠብቅ ልጆቹ የመኪናን ቋንቋ ተማሩ። ላቫጆ ከጣልያንኛ የመጣ ቃል ነው፤ ትርጉሙም ማጠብ። ኮፋኖ፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ፣ ካንዴላ፣ ጎሚስታም የዚያው ወገን ናቸው። ከፊታችን ያለው የባጃጅ ሾፌር በየቀኑ እንደሚያሳጥብ ነገረን። «ሁለት ባጃጅ አጠገብ ላጠገብ ቢቆም፣ ነጭ ነጠላ የለበሰች እናት የትኛው ላይ ትወጣለች?» አለ።

አንድ ሞተር ሳይክል እየበረረ ገባ። ባለቤቱ ቸኩሏል። አጣቢው ግን ቱቦውን ዘጋ። «ሞተሩ ይቀዝቅዝ» አለው። የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መርጨት ጥሩ አይደለም። ሲቀዘቅዝ የጭስ ማውጫውን አፍ በጨርቅ ወተፈ፤ ኃይለኛውን ውሃ ከመሪው ሥርና ከጎማው መሃል ካሉት ኩሽኔታዎች፣ ከኤሌክትሪክ ገመዶቹም አራቀ። ካደረቀው በኋላ ሰንሰለቱን ዘይት ቀባው። ወንበሩንና የፍሬኑን ዲስክ ግን ሰም አላስነካቸውም። «ወንበሩ ካንሸራተተ ሰውየው ይወድቃል፤ ዲስኩ ካንሸራተተ ሰውየው አይቆምም» ሲል ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ።

ተራችን ደረሰ። ወጣቱ ቮልሷን ወደ ጥላ አስገባት፤ ፀሐይ ላይ ሳሙናው ሳይታጠብ ደርቆ ቀለሙ ላይ ይቀራል። ከዚያ ጨርቅ ሳያስነካት በውሃ ብቻ አቧራውን አወረደ። ኮፋኖው ላይ ሲደርስ ቆመና፣ «ይቺን ጽሑፍ የጻፈው ማን ነው?» አለ። ልጄ ከኋላዬ ተደበቀች። «አቧራ እኮ የብርጭቆ ወረቀት ነው የኔ እናት። በጣትሽ ስታሺው ቀለሙን ይፍቃል።» ውሃው ከወረደ በኋላ፣ ጎንበስ ብሎ ላየው ስሟ በቀጫጭን መስመር ይታያል።

ሁለት ባልዲ ይዟል፤ አንዱ የሳሙና፣ አንዱ የንጹሕ ውሃ። ስፖንጁን በንጹሑ ሳያለቀልቅ ወደ ሳሙናው አይመልሰውም፤ ከጣሪያው ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል። ጎማና ቸርኬው የራሱ ጨርቅ አለው፤ የታች አሸዋ ወደ ላይ መውጣት የለበትም። የኋላ ክዳኗ ላይ ያሉት የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎች ወደ ሞተሯ ስለሚወስዱ እነሱን በእርጥብ ጨርቅ ብቻ አበሳቸው። ናፍጣ ቀብቶ የሚያብረቀርቅ ሰው ካያችሁ እንድትከለክሉት መከረን፤ ናፍጣ ለጊዜው ያበራል፣ ላስቲኩን ይጎዳል፣ አቧራውንም መልሶ ይሰበስባል።

ሲጨርስ «ፖሊሽ ይደረግላት?» አለ። «በደንብ!» አልኩት፤ አባዬን አስቤ። የሾፌሩን በር ትንሽ እንዳሸ ግን እጁን መለሰና ጨርቁን አሳየኝ። ጨርቁ ሰማያዊ ሆኗል።

«እህቴ፣ ይሄ ቆሻሻ አይደለም፤ ቀለሟ ነው። የዛሬ መኪኖች ከቀለሙ በላይ መስታወት የመሰለ ሽፋን አላቸው፤ እሷ የላትም። ፖሊሽ ማለት ፍቆ ማለስለስ ነው፤ ባሸሻት ቁጥር ትሳሳለች። እዩት እዚህ ጋ።» ከበሩ እጀታ በላይ፣ የሰው መዳፍ የሚያክል ቦታ ላይ፣ ከሰማያዊው ሥር ግራጫው የመጀመሪያ ቀለም ብቅ ብሏል። «ሌላው ቦታ ደህና ነው። እዚህ ጋ ብቻ አንድ ሰው ለብዙ ዓመት አሽቷታል።»

ፊቱን የሚያይበት ቦታ ነበር።

ባለቤቴ «በዚያው እናስቀባት እንዴ?» ሲል ራሴን ነቀነቅሁ። ወጣቱም ለእሷ የሚስማማው ሰም ብቻ እንደሆነ ነገረን፤ ሰም አይፍቅም፣ ከላይ ተቀምጦ ከፀሐይና ከዝናብ ይከላከላል። በስሱ ቀባት፣ ሲደርቅ በንጹሕ ጨርቅ ወለወላት። የልጄ ስም ያለበትንም ቦታ በሰም ብቻ አለፈው። ስንወጣ «ፍሬናችሁ እርጥብ ነው፤ መጀመሪያ ቀስ ብላችሁ ሞክሩት» ብሎ ሸኘን።

20 ሊትር

በማግሥቱ ጠዋት አንድ አባ ኮዳ ኮፋኖው ላይ ደህና አድርጎ ጥሎባት አገኘናት። የወፍ ኩስ ቀለም ይበላል፤ በደረቁ መፋቅ ደግሞ የባሰ ነው። ልጄ ጨርቅ በውሃ ነክሮ ላዩ ላይ አሳረፈበት፤ ሲርስ ሳያሽ አነሳው። ከዚያ በአንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ መኪናዋን አለቀለቃት፤ ውሃው የግቢውን አትክልት አጠጣ። በደቂቃ 10 ሊትር የሚያወርድ ቱቦ 20 ደቂቃ ተከፍቶ ቢቆይ 200 ሊትር፣ አንድ ሙሉ በርሜል ይጨርሳል። ውሃ በፈረቃ ለሚደርሰን ለእኛ ለአዲስ አበባ ሰዎች፣ ይህ የሳምንት ጉዳይ ነው።

የመጨረሻዋን ማታ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቡና ጠጣን። ቮልሷን ከውሃው ራቅ አድርገን መንገዱ ዳር አቆምናት። ፀሐይዋ ከሐይቁ ማዶ ስትጠልቅ ብርሃኗ ኮፋኖው ላይ ጋደም አለ፤ የልጄ ስም ታየ። በሩ ላይ ደግሞ የአባዬ ግራጫ ቦታ አለ። ልጄ ወደዚያ ቦታ ፊቱን አስጠግቶ ቢፈልግ ራሱን አጣው፤ ግራጫው አያሳይም።

«እዚህ ጋ ጨርሶታል» አለ።

«አዎ» አልኩት። «ና፣ ቡናው ሳይቀዘቅዝ።»