የሲያትል ካፊያና የገጠሩ ፋኖስ

የሲያትል ዝናብ የእኛን የሐምሌ ዝናብ አይመስልም። ነጎድጓድ የለው፣ ቆርቆሮ አይደበድብ፤ ካፊያ ሆኖ ከጠዋት እስከ ማታ ሲወርድ ይውላል። የከተማው ሰው ጃንጥላ አይወድም፤ የጃኬቱን ቆብ ደፍቶ ይሄዳል። ጃንጥላ የዘረጋ ካያችሁ እንደ እኔ እንግዳ ነው ማለት ነው። ሰማዩ ሲገለጥ ደግሞ በስተደቡብ በረዶ የለበሰው የሬኒየር ተራራ ብቅ ይላል። ከፍታው 4,392 ሜትር ነው፤ ከእኛ ራስ ዳሽን ጥቂት ቢያንስ ነው። ያን ቀን ሰዉ ሁሉ «ዛሬ ተራራው ወጥቷል» ይባባላል፤ ሩቅ አገር የከረመ ዘመድ የመጣ ይመስል።

እዚያ የሄድኩት የመጨረሻ ልጄን ለመጠየቅ ነው። ሻንጣዬ ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮና ቆሎ ነበር፤ ልቤ ውስጥ ደግሞ አንድ ጥያቄ። ልጄ በሙያዋ ተቀጥራ ደህና ደመወዝ ታገኝ ነበር። ካቻምና ሥራዋን ለቅቃ «የራሴን ጌም እየሠራሁ ነው» አለችን። አባቷ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ፣ «ጌም ማለት ጨዋታ አይደለም እንዴ? ሠላሳ ዓመት አልፏት ጨዋታ?» አለኝ። «ሄደሽ አይተሽ ነይ» ተብዬ እንደ ሽማግሌ የተላክሁ ነኝ ማለት ይቻላል።

ከአየር ማረፊያው የሚነሳው የከተማ ባቡር በሬኒየር ቢችና በኦቴሎ አልፎ ኮሎምቢያ ሲቲ ያደርሳል። በዚህ በደቡቡ ሰፈርና በቼሪ ጎዳና አካባቢ ሐበሻ ብዙ ነው። እንጀራው ይሸጣል፣ ቡናው ይፈላል፣ አላፊ አግዳሚው «እንደምን አሉ እናቴ» ይላችኋል። ልጄ የምትኖረው ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር በተጋራችው ጠባብ አፓርታማ ነው። ሦስት ቀን ካፌ ውስጥ ትሠራለች፤ የቤት ኪራዩ ከዚያ ነው። የቀሩትን ቀናት ጠረጴዛዋ ላይ ናት። ያጠራቀመችው ገንዘብ እስከ መስከረም እንደሚያደርሳት በግልጽ ነገረችኝ።

በማግሥቱ መሀል ከተማ ወሰደችኝ። ፓራማውንት የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1928 የተከፈተው ትልቅ ቲያትር ቤት ፊት ለፊት አቆመችኝና፣ «እማዬ፣ እዚህ በር ላይ ትኬት እያየ ተመልካች የሚያስገባ አንድ ልጅ ነበር» አለች። ኤሪክ ባሮን ይባላል። በዚሁ በዋሽንግተን ግዛት ኮምፒውተር ተምሮ ቢመረቅም ሥራ አላገኘም። ማታ ማታ እየሠራ፣ ቀን ቀን ደግሞ አራት ዓመት ተኩል ለሚያህል ጊዜ ብቻውን አንድ ጌም ሠራ፤ ሥዕሉንም፣ ሙዚቃውንም፣ ታሪኩንም። የፍቅር ጓደኛው ሠርታ ደገፈችው። «ስታርዲው ቫሊ» ብሎ የሰየመው ይህ ጌም እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 ወጣ፤ እስከ 2024 መጨረሻ ከ40 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል።

እኔ ጌም ሲባል የሚታየኝ ተኩስ ነበር። ይህ ግን የእርሻ ጌም ነው። ተጫዋቹ ከከተማ ወጥቶ የአያቱን እርሻ ይረከባል፤ ያርሳል፣ ያጠምዳል፣ ከመንደሩ ሰው ጋር ይተዋወቃል። ፍቅርም አለው። ልጄ ማታ ከፍታ አሳየችኝ። የወደዱትን ሰው በየቀኑ ማነጋገር ያስፈልጋል፤ ሰላምታው ከተቋረጠ መቀራረቡ ይቀንሳል። ስጦታ ለአንድ ሰው በሳምንት ከሁለት ጊዜ አይበልጥም፤ ደግሞ እያንዳንዱ የሚወደው ለየቅል ነው። ለማግባት ሲፈለግ የሚሰጠው የአንገት ጌጥ የሚገኘው ዝናብ በሚዘንብበት ቀን፣ ባሕር ዳር ከሚቆም አንድ ሽማግሌ ብቻ ነው። ሳቄ መጣ። ሰላምታ ሳያቋርጡ፣ ሰዉ የሚወደውን አውቀው፣ በመጨረሻ ሽማግሌ ዘንድ መሄድ! ይህንንማ እናውቀዋለን አልኩ።

ትልልቆቹን ለማየት ደግሞ በአውቶቡስ ዋሽንግተን ሐይቅን ተሻገርን። የተሻገርንበት ድልድይ ምሰሶ ቆሞለት የተሸከመው አይደለም፤ ሐይቁ ጥልቅ፣ ወለሉም ጭቃ ስለሆነ ድልድዩ ውስጣቸው ክፍት በሆነ 77 የኮንክሪት ሣጥኖች ላይ ይንሳፈፋል። ርዝመቱ 2,350 ሜትር ነው፤ በዓለም ረጅሙ ተንሳፋፊ ድልድይ ይሉታል። ወዲያ ማዶ ሬድመንድ ውስጥ ማይክሮሶፍት አለ፤ የኒንተንዶ የአሜሪካ ዋና መሥሪያ ቤትም እዚያው ነው። በእንዲህ ያሉ ቤቶች አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ይሥላል፣ አንዱ ያንቀሳቅሳል፣ ሌላው ድምፁን ይሠራል። የእኔ ልጅ ይህን ሁሉ ብቻዋን ናት።

ገበያውንም ጠየቅኳት፤ እናት ናት የላካት እንዲባል አይደለም፣ አባቷ ይጠይቀኛልና ነው። ከዚያው ከሬድመንድ አጠገብ ቤልቪው ላይ ቫልቭ የሚባል ድርጅት አለ፤ ስቲም የተባለውን የጌም መሸጫ የሚያስተዳድረው እሱ ነው። ማንም 100 ዶላር ከፍሎ ጌሙን ሊያስቀምጥበት ይችላል፤ ከሽያጩ ግን በመደቡ 30 በመቶውን መሸጫው ይወስዳል። የብዙ ሰው ጌም የድካሙን ዋጋ አይመልስም። ልጄ ይህን ሳትደብቅ ነገረችኝ። የኤሪክ ባሮን ዕድል የሁሉም ዕድል እንዳልሆነ ከእኔ በላይ ታውቀዋለች።

መጻፍና መሣል ከልጅነቷ የምትችለው ነው፤ አዲስ የሆነባት አኒሜሽኑ፣ ማለትም ሥዕልን ማንቀሳቀሱ ነው። የምትማርበት መሣሪያ ብሌንደር ይባላል። አጀማመሩ ሆላንድ ነው። የሚያሠራው ኩባንያ ሲዘጋ፣ ወዳጆቹ እ.ኤ.አ. በ2002 100 ሺህ ዩሮ አዋጥተው ለሁሉም ነፃ አወጡት፤ ዛሬ ማንም ሳይከፍል ይጠቀምበታል። እ.ኤ.አ. በ2025 ኦስካር የተሸለመው የላትቪያው «ፍሎው» የተሠራው በዚሁ ነው፤ አንዲት ድመት የምትመራው፣ አንድም ቃል የማይነገርበት ፊልም ነው። ልጄ ስትሥል የቀደመው ሥዕል ከአዲሱ ሥር ደብዘዝ ብሎ ይታያታል። በሙያው አነጋገር «የሽንኩርት ልጣጭ» ይሉታል አለችኝ፤ በልጣጩ ውስጥ የሥሩ እንደሚታየው ማለት ነው። ወጥ ቤት የማውቀው ነገር እዚያ ማግኘቴ ደስ አለኝ።

ጌሟ ገጠር ለማስተማር ስለሄደች ወጣትና እዚያ ስላገኘችው ወጣት ነው። የጻፈችውን አነበበችልኝ። ቋንቋው ያምራል፤ ግን ሁለቱ ልጆች በተገናኙ በሦስተኛው ቀን ልባቸውን አውጥተው ያወራሉ። «እንዲህ ቶሎ?» አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና፣ «እሺ እማዬ፣ አንቺና አባዬ እንዴት ነበር?» አለች።

ለልጆቻችን በዚህ ጉዳይ የነገርናቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ «በዘመቻ ተገናኘን»። ከዚያ ያለፈውን ለልጅ ማውራት በእኛ ዘመን ነውር ይመስላል። ግን ጨዋታ ማለት በእኛ ቋንቋ ወግም ነው። ቡናው ቀርቦ ነበር፤ አጫወትኳት።

1967 ዓ.ም. ነው። የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወሎ ውስጥ አንዲት የገጠር ቀበሌ መደበን። ሴቶቹ በአንድ ጎጆ፣ ወንዶቹ በሌላው። ማታ የምናስተምረው በፋኖስ ነበር፤ ላምባው መጥፎ ስለነበር ብርጭቆው ቶሎ በጥላሸት ይጠቁራል። አንድ ቀን ፋኖሳችን ደጃፋችን ላይ ተወልውሎ አገኘነው። በማግሥቱም እንዲሁ። ማን እንደሆነ ያወቅኩት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ባወቅኩም ጊዜ ምንም አልተናገርኩም፤ እሱም አልተናገረም። ዘመቻው እስኪያልቅ ፋኖሴ አንድ ቀን ጠቁሮ አላመሸም። ሽማግሌ የላከው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ እኔ ግን መልሴን የሰጠሁት በልቤ እዚያው ደጃፍ ላይ ነበር።

ልጄ ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ «ይህን ጌሙ ውስጥ ላስገባው?» አለች። የእኔ ብቻ ስላልሆነ አባቷን ጠይቂ አልኳት። ሲያትል ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፤ ባለቤቴ ቁርሱ ላይ ነበር። ሁሉንም ሰምቶ ረጅም ዝም አለ። ተቆጣ ብዬ ሰጋሁ። ከዚያ፣ «በምን እየወለወለ ነው የሣልሽው?» አላት።

«በወረቀት።»

«ወረቀት ከየት ይመጣል? በጋቢዬ ጫፍ ነው። ደግሞ መጀመሪያ እፍ ይባልበታል፤ ትንፋሽ ካልነካው ጥላሸቱ አይለቅም።»

ከዚያ በኋላ የቀሩትን ቀናት ሥራ ይዘን ከረምን። እኔ የውኃ ብርጭቆና ነጠላ ይዤ እቆማለሁ፣ እሷ በስልኳ ትቀርፃለች፣ ያንን እያየች ትሥላለች። ለሦስት ሰከንድ እንቅስቃሴ 72 ምስል ያስፈልጋል፤ አንዱን ሥዕል ለሁለት ምስል ብታቆየው እንኳ 36 ጊዜ መሣል አለባት። የመጀመሪያው ሙከራ ልጁን ዕቃ የሚያጥብ አስመሰለው። ሁለተኛው ላይ እፍታው ገባ። ሦስተኛው ላይ ልጁ ፋኖሱን ደጃፉ ላይ አስቀምጦ ከመሄዱ በፊት ግማሽ ሰከንድ እንዲቆም አደረገችው፤ 12 ምስል ነው። ምንም አይንቀሳቀስም፤ በሩን ያያል ብቻ። ያኔ አወቅኩት። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ልጅ እዚያ ስክሪን ላይ ቆሟል።

ጽሑፉንም አብረን አየነው። ተጫዋቹ የሚመርጣቸው ሦስት መልሶች ነበሩ፤ ሦስቱም ንግግር ናቸው። «በእኛ ጊዜ ዝምታም መልስ ነበር» አልኳት። አራተኛ ምርጫ ጨመረች፤ «ዝም በዪ»። እሱን የመረጠ ተጫዋች በማግሥቱ ፋኖሱን ተወልውሎ ያገኘዋል።

የገንዘቡ ነገር በዚህ አልተፈታም። አባቷ በስልክ «እስከ መቼ?» ብሎ ጠይቋታል። እሷም መስከረም ድረስ ካላለቀ ተመልሳ እንደምትቀጠር፣ ጌሙን ማታ ማታ እንደምትጨርሰው ነግራዋለች። ቃል ነው፤ ተቀብሎታል። እኔም ሽማግሌ ሆኜ ስመለስ ያቀረብኩት መልስ አጭር ነው፦ ልጅቷ እየተጫወተች አይደለም፣ እየሠራች ነው።

እናንተም ስክሪን ላይ ያፈጠጠ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ካላችሁ፣ አንድ ቀን ወንበር ስባችሁ አጠገቡ ተቀመጡና «አሳየኝ» በሉት። የሚሠራውን ሁሉ መረዳት ላይጠበቅባችሁ ይችላል፤ የጎደለው ነገር እናንተ ዘንድ ያለ ወግ ሊሆን ግን ይችላል።

አሁን በየሳምንቱ ስትደውል ባለቤቴ ከሁሉ በፊት የሚጠይቃት ስለ ደመወዝ አይደለም። «ያ ልጅ ሽማግሌ ላከ?» ይላታል። «ገና ነው አባዬ፤ እሱ በተጫዋቹ እጅ ነው» ትለዋለች። «ንገሪው እንግዲህ፣ ብዙ አይቆይ» ይላል፤ እኔን እያየ።