የተለቀቀ ሠፈር

«ከተማ» የሚለውን ቃል ዛሬ ስንሰማ በዐይነ ኅሊናችን የሚደቀነው የድንጋይ ሕንፃ፣ የአስፋልት መንገድና የመብራት ብዛት ነው። ቃሉ ግን ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። «ከተመ» ማለት ድንኳኑን ተክሎ ተቀመጠ ማለት ነበርና፣ ከተማም በጥንት ፍቺው ንጉሥ ወይም የጦር አዝማች ከነጓዙ ያረፈበት ቦታ ነበር። «ሠፈር» የምንለውም እንዲሁ ከመስፈር የወጣ ነው። የቋንቋውን ነገር ልብ ብሎ ለመረመረ ሰው፣ ቋሚ የምንላቸው መኖሪያዎቻችን ስማቸውን የወረሱት ከሚነቀል ድንኳን መሆኑ ይገለጥለታል።

ይህን ከመጻሕፍት አውቀው ነበር፤ በዐይኔ አይቼ በእጄ የዳሰስሁት ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት በጥር ወር፣ ከአንድ አረጋዊ ባለ ታንኳ ጋር ከባሕር ዳር ተነሥተን፣ የጣናን ምዕራባዊ ዳርቻ እየታከክን እስከ ጎርጎራ በቀዘፍንበት ጊዜ ነው።

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተንጣለለ፣ ስፋቱም ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የማያንስ ሐይቅ ነው። ይሁን እንጂ እጅግ የጠለቀው ቦታው እንኳ 15 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በዚህ ሐይቅ ላይ ከጥንት ጀምሮ የሚቀዘፈው ታንኳ ከደንገል የታሠረ ነው። የደንገል አገዳ ውስጡ ልል በመሆኑ ውሃ ይስባል። ቀኑን ሙሉ ሲቀዘፍ የዋለ ታንኳ ማታ ከውሃ ወጥቶ ካልተንጠፈጠፈ፣ በማግሥቱም ፀሐይና ነፋስ ካላገኘው እየከበደ ይሄዳል። እንዲህ ተጠብቆም ቢሆን ከጥቂት ወራት በላይ አያገለግልም። ከዚህም የተነሣ የት እንደሚታደር የሚወስነው መንገደኛው ሳይሆን ታንኳው ነው። ማረፊያው ዳርቻው ለጥ ያለ፣ ደንገል ጥቅጥቅ ብሎ ያልዘጋው፣ ጉማሬ ለግጦሽ የማይወጣበት፣ የከሰዓት በኋላው ነፋስም የማያስጨንቀው መሆን አለበት። እንዲህ ያለ ቦታ ብዙ አይገኝምና፣ ዛሬ የምናርፍበት ሁሉ ከእኛ በፊት ሌሎች ያረፉበት ነው።

የመጀመሪያውን የተለቀቀ ሠፈር ያገኘነው የዘጌን የቡና ደን ወደ ኋላ ትተን፣ ግልገል ዓባይ ወደ ሐይቁ ወደሚገባበት አፍ ስንቃረብ ነው። በአንድ ሾላ ሥር ጥቀርሻ የጠጡ ሦስት ጉልቻዎች ተጎልተዋል። በዙሪያቸው የአምባዛ አጥንት፣ የደንገል ልጣጭና የተበጠሰ ገመድ ይታያል። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ዐመዱን በጣታቸው ጫር ጫር አደረጉ። ዝናም ደብድቦት እንደ ጭቃ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

«ከክረምት ወዲህ ሰው አላደረበትም» አሉኝ።

ወዲያው ቀና ብለው ከሾላው ባላ መካከል አንድ እቅፍ ደረቅ እንጨት አወረዱ።

«ይህ የማን ነው፣ አባባ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«የሚመጣው ሰው ነዋ፣ ልጄ። ዛሬ የመጣነው እኛ ነን።»

ሲነጋ በሶአችንን በጥብጠን ከጠጣን በኋላ፣ ታንኳው ፀሐይ እስኪጠግብ ድረስ ሽማግሌው ወደ ጥሻው ገብተው ጭራሮ ሲለቅሙ ቆዩ። የለቀሙትንም እዚያው ባላ ላይ ሰቀሉት። አንዱ ጉልቻ ዘንበል ብሎ ኖሮ አቃንተው በሌላ ጠጠር አስደገፉት። ማን እንደሚመጣ አልተናገሩም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ያ ቦታ ሰው አልባ ቢሆንም ባዶ አልነበረም። ባለቤቱ ገና በመንገድ ላይ ነው።

ሁለተኛው ሠፈር ግን ሌላ ነበር። ቁንዝላን አልፈን ወደ ደልጊ ስንቀዝፍ ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ ዳርቻውን ሲያማትሩ ቆይተው ታንኳውን ወደ አንድ ጠረፍ አዞሩት። በወጣትነታቸው ታንኳ ሠሪዎች በየበጋው እየመጡ የሚሰፍሩበት፣ ደንገሉን አጭደው በፀሐይ አድርቀው ታንኳ የሚያስሩበት ቦታ እንደ ነበር ነገሩኝ። በዚህ ሙያ ከሁሉ ይልቅ ስማቸው የሚነሣው፣ ጥንት ጉማሬ በማደን ይታወቁ የነበሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። እኛ ስንደርስ ከዚያ ሁሉ የቀረ የለም። እርሻው እስከ ውሃው አፍ ድረስ ወርዷል። ውሃው በበጋ በሸሸ ቁጥር ገበሬው ተከትሎት ስለሚያርስ፣ ደንገሉ የሚያቆጠቁጥበት ረግረግ አልተረፈለትም። ከጉልቻዎቹም አንዱ ብቻ የማሳ ድንበር ሆኖ ተተክሎ አየነው። በአንድ ወገኑ ያለው ጥቀርሻ አሁንም አልለቀቀም።

ሽማግሌው በዚያ ማደር አልፈለጉም። ቦታው ለጥ ያለ፣ ነፋሱም መልካም ነበር፤ እርሳቸው ግን «እዚህ ምን እናነዳለን?» ብለው መቅዘፊያቸውን አነሡ። ገበሬውንም ሲወቅሱ አልሰማኋቸውም። የሚበላ ልጅ ያለው ሰው ማረሱ አይቀርም።

በመጨረሻው ቀን የጎርጎራን አካባቢ የነገሥታት ፍርስራሽ ስመለከት የያዘኝ አሳብ ይኸው የሽማግሌው ጥያቄ ነበር። ዐፄ ሱስንዮስ ከ1607 እስከ 1632 እ.ኤ.አ. ሲነግሡ ከተቀመጡባቸው ቦታዎች አንዱ ጎርጎራ ነው። የኢየሱሳውያኑ ቄስ ፔድሮ ፓኤዝም በ1622 እ.ኤ.አ. ያረፈው በዚያው ነው። የቆመው ግንብ የተጠረበ ድንጋይና በጥንቃቄ የተቀረጸ አበባ ይታይበታል። ሆኖም ሱስንዮስ ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ከለቀቁ፣ እርሳቸውም በ1636 እ.ኤ.አ. ጎንደርን ከቆረቆሩ በኋላ፣ ጎርጎራ የንጉሥ ሠፈር መሆኑ ቀረ።

ከዚያ አስቀድሞ ነገሥታቱ የሚኖሩት በአብዛኛው በድንኳን ከተማ ነበር። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን በአገራችን ቆይቶ እንደ ጻፈው፣ ሠፈሩ የትም ቢተከል ሥርዓቱ አይለወጥም፤ እያንዳንዱም ስፍራውን ያውቃል። የማዕረግ ስሞቻችንም የዚያ ሥርዓት ቅሪቶች ናቸው። ፊታውራሪ በፊት፣ ቀኛዝማች በቀኝ፣ ግራዝማች በግራ፣ ደጃዝማችም በደጅ የሚቆሙ ነበሩ። ነገር ግን ይህን ያህል ሕዝብ በየዕለቱ እሳት ያነዳል። እንጨቱ ሲያልቅ ሠፈሩ ይነሣል። እንጨት ሰቅሎለት የሚሄድ አልነበረምና ተከትሎ የሚመጣው የሚያገኘው ራቁቱን የቀረ ኮረብታ ነበር።

አዲስ አበባም በ1886 እ.ኤ.አ. ስትቆረቆር የዚህ ልማድ ልጅ ነበረች። መኳንንቱ በየኮረብታው ከነጭፍራቸው የሠፈሩባቸው ቦታዎች ብዙዎቹ እስከ ዛሬ «የእገሌ ሠፈር» ተብለው ይጠራሉ። እርሷም በማገዶ እጦት ልትለቀቅ ተቃርባ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 እ.ኤ.አ. ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር ግንብ ማሠራት ጀምረው ነበር። ከተማዋን በስፍራዋ ያጸናት በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. ከውጭ መጥቶ የተተከለው ባሕር ዛፍ መሆኑ ይነገራል። እንግዲህ ድንኳኑን ከተማ ያደረገው ከግንቡ ይልቅ ለነገው እሳት የታሰበው እንጨት ነው ማለት ይቻላል።

አንባቢ ሆይ፤ በጣና ዳር ያየኋቸው ሠፈሮች ሁሉ የተለቀቁ ናቸው። አንዱ ግን ሊመለሱበት የተለቀቀ ነው፤ ሌላው መመለሻ የለውም። ልዩነታቸው የሚታወቀው በጉልቻው አቀማመጥና በዛፉ ባላ ላይ ባለው ማገዶ እንጂ በሠፈረው ሰው ማዕረግ አይደለም። በዘመናችን ጣና ራሱ ሠፈር ሆኖ ሊለቀቅ የተቃረበ ይመስላል። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀው የእንቦጭ አረም በተለይ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ተንሰራፍቶ ዓሣ አጥማጁን ከውሃው ሲለየው፣ በሌላው ወገን ደንገሉ በማረሻ ፊት ያፈገፍጋል። ደንገል ከጠፋ ታንኳ የለም፤ ታንኳ ከሌለም ያቺን ሾላ ማን እንደሚያውቃት እንጃ። ሽማግሌው ከእኔ ተለይተው ሲመለሱ ከልጆቻቸው አንድም ታንኳ ማሰር የተማረ እንደሌለ አጫውተውኛል። ቢሆንም በመልሱ ጉዞ ከዚያች ሾላ ሥር አድረው፣ ያደረቀውን ለቅመው ባላው ላይ እንደሚሰቅሉ አልጠራጠርም።