የእግዜር እንግዳ ያደረባት መንደር

በፈረንሳይ ደቡብ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ደጋ ላይ ለሻምቦን ሱር ሊኞን የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ቤቶቿ የድንጋይ ናቸው። በብርዱ ወራት አገሬው «ቡርል» የሚለው ነፋስ በረዶውን እያግበሰበሰ መንገዱን ይደፍነዋል። እንዲህ ባለ አገር የተዘጋ በር ምን ማለት እንደሆነ ማንም ያውቃል።

መንደሯ የፕሮቴስታንቶች ናት። እ.ኤ.አ. በ1685 ንጉሥ ሉዊ 14ኛ እምነታቸውን ሲከለክል፣ ቅድመ አያቶቻቸው ተደብቀው እየጸለዩ ኖረዋል። ይህ ታሪክ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ስለቆየ፣ ናዚዎች አይሁዶችን ማሳደድ ሲጀምሩ መንደርተኛው የስደትን ምንነት የሚያስረዳው ሰው አላስፈለገውም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ፣ በረዶ በሚወርድበት ወቅት፣ ከጀርመን የሸሸች አንዲት አይሁዳዊት የመንደሯን ፓስተር የአንድሬ ትሮክሜን በር አንኳኳች። ባለቤታቸው ማግዳ ሳያመነቱ አስገቧት። የረጠበ ጫማዋ እንዲደርቅላት ምድጃ ውስጥ ከተቱት፤ ጫማው ግን ተቃጠለ። ሁሉ ነገር በራሽን በሚታደልበት በዚያ ዘመን ሌላ ጫማ ማግኘት ራሱ ትልቅ ጣጣ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ገበሬው በጎተራው፣ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤቱ በክፍሉ፣ በ1938 የተከፈተው ትምህርት ቤትም በወንበሩ ስደተኛ ተቀበለ። ፖሊስ ሲመጣ የተጠለሉት ልጆች ጫካ ይገቡ ነበር። መንደሯና አጎራባቾቿ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን አስጠለሉ። ዋጋም አስከፍሏቸዋል፤ የፓስተሩ ዘመድ ዳንኤል ትሮክሜ በ1943 ከተማሪዎቹ ጋር ተይዞ በቀጣዩ ዓመት ማይዳኔክ በተባለው የናዚ ካምፕ ሞተ።

ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት ገበያው ይደምቃል፤ ስደተኞቹ በመጡበት የባቡር ሐዲድ ላይ በበጋ አገር ጎብኚዎች ይጓዛሉ። ከጸሎት ቤቱ ፊት ለፊት በ2013 የተከፈተ የመታሰቢያ ሙዚየም አለ። የእስራኤሉ የሆሎኮስት መታሰቢያ ተቋም ያድ ቫሼም በ1990 መንደሯንና ጎረቤቶቿን በአንድነት አክብሯል። አንድ ሰው ሳይሆን አንድ አካባቢ ሲከበር እምብዛም አይታይም፤ ለሻምቦን ግን ይገባታል፤ በሩን የከፈተው መንደሩ ሁሉ ነውና።

በ1943 በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር እዚህ የተጠለለ አንድ ኦስትሪያዊ በ2020 በ90 ዓመቱ አረፈ። 2 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ የሚሆን ሀብቱን ለመንደሯ ተናዞ ነበር፤ አደራውም ገንዘቡ ለልጆች ትምህርት እንዲውል ነው።