በጥቁር የተሰለፈ

በቼዝ ጨዋታ ነጩ ይቀድማል፤ ጥቁሩ ይከተላል። ሕጉ እንዲህ ስለ ሆነ ጥቁሩ የደረሰውን ተጫዋች ብዙ ሰው ገና ሳይጀምር ጥቂት እንደ ተጎዳ ይቆጥረዋል። በአገራችን ሰንጠረዥ ግን ነገሩ ሌላ ነበር፤ ወረራ በሚባለው መክፈቻ ሁለቱም ወገኖች ተራ ሳይጠብቁ የፈለጉትን ያህል ይራመዱ ነበር፤ ተራ መጠበቅ የሚጀመረውም አንዱ የሌላውን ከበላ በኋላ ነው።

እኔ የሥራ ዘመኔን ያሳለፍሁት ለሚመጡ ደብዳቤዎች መልስ በማዘጋጀት ነው፤ የመጀመሪያውን ቃል የሚጽፈው ምን ጊዜም ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ሁለተኛ የሚራመድ ሰው የራሱ አሳብ ሊኖረው ይችላልን? የሚለው ጥያቄ ለእኔ የጨዋታ ጥያቄ ብቻ አይደለም።

በጥቅምት ወር 1953 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 1960) በያኔዋ ምሥራቅ ጀርመን በላይፕዚግ ከተማ የ40 አገሮች ቡድኖች ለቼዝ ኦሊምፒያድ ተሰብስበው ነበር። በዚያም የ17 ዓመቱ አሜሪካዊ ቦቢ ፊሸር በጥቁር ተሰልፎ ከቺሊው ሬኔ ሌቴሊየር ጋር ተጋጠመ።

ነጩ ወታደሮቹን ፈጥኖ ወደ ፊት ሰደደ፤ በ5ኛውም እርምጃ የጥቁሩን ፈረስ ወደ ኋላ መለሰው። ነገር ግን መሬት መያዝና የያዙትን መጠበቅ ልዩ ልዩ ናቸው። የፊሸር ንጉሥ በ4ኛው እርምጃ መጠጊያውን ይዞ ነበር፤ ሌቴሊየር ግን ትርፍ ወታደር ሲለቅምና አንዱን ፈረስ ሲያመላልስ ንጉሡ በሜዳ ቀረ። በ23ኛው እርምጃ ፊሸር ንግሥቱን በዚያ ንጉሥ ፊት አቀረበ። ቢበላት፥ ጳጳሱ አንድ ጊዜ ተራምዶ ጨዋታውን ይፈጽመዋል፤ ቢሸሽም ማምለጫ የለውም። ሌቴሊየር ይህን አይቶ ተሸናፊነቱን ተቀበለ።

እኔን የሚገርመኝ ያ ጳጳስ ነው። በ3ኛው እርምጃ ከተቀመጠበት ቦታ እስከ መጨረሻው አልተንቀሳቀሰም፤ የመግደያዋንም እርምጃ መራመድ አላስፈለገውም። ሥራው ሁሉ በቦታው መገኘት ነበር።

ያች ድል አራት ሆነው ለሚሰለፉት አሜሪካውያን አንድ ነጥብ ሆና ተቆጠረች፤ ቡድናቸውም ከሶቪየት ኅብረት ቀጥሎ 2ኛ ወጣ። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ቀድሞ የተናገረ ሰው አሳቡን ገልጦ ያሳያል፤ መልስ የሚሰጠው ግን ያን ጠንቅቆ ከመረመረ ቀዳሚው ያላየውን ያያል። መልስ ጸሐፊም ብዕሩን ሲያነሣ ይህን ያስብ።