ጥርሱ ሳያልቅ የሚቆረጥ ጎማ

እዚህ ጀርመን በምሠራበት ጋራዥ የከባድ መኪና ጎማ ጥርሱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲቀረው አለቀ ተብሎ አይጣልም። ወደ መቁረጫው ቦታ ይሄዳል። ባለሙያው ቢላው የሚግል የኤሌክትሪክ መሣሪያ ይዞ፣ የቀረውን ቦይ እየተከተለ፣ ሦስት አራት ሚሊ ሜትር ወደ ታች ይቆርጠዋል። ጎማው እንደገና ጥርስ አውጥቶ መንገድ ይገባል። አገር ቤት ያለ የከባድ መኪና ሾፌር ይህን ሲሰማ አይገርመውም። ካሊቲም ይሁን ሞጆ፣ ጎሚስታ ቤት ደጃፍ ቁጭ ብሎ ለጎማ ጥርስ የሚያወጣ ሰው አይቷል። እጁ የሚሠራው ሥራ አንድ ዓይነት ነው። የሚለየው የሚቆረጠው ጎማ ምን ዓይነት እንደሆነና መቼ እንደሚቆረጥ ነው። ልዩነቱ ነፍስ ስለሚያስከፍል ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

ጎማውን ከውስጡ ብንጀምር ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ከቦዩ ወለል በታች፣ ጎማው ውስጥ እስካለው የብረት ሽቦ ድረስ፣ ሌላ ንጣፍ ጎማ አለ። እንዲቆረጥ ታስቦ በተሠራ ጎማ ላይ ይህ ንጣፍ ሆን ተብሎ ወፈር ይደረጋል፤ ፋብሪካውም ጎኑ ላይ «ሪግሩቨብል» ብሎ ያትምበታል። የአሜሪካ ሕግ ጽሑፉ በሁለቱም ጎን እንዲኖር ያዛል። ጽሑፉ የሌለበት ጎማ እዚህ ቢላ አይነካውም፤ የፈለገ አዲስ ቢመስል፣ የፈለገ ወፍራም ቢሆን። ከሥር ያለው ንጣፍ ስንት እንደሆነ የሚያውቀው የሠራው ብቻ ነዋ።

አቆራረጡ ትዕግሥት ይጠይቃል። መጀመሪያ ጎማው ይታጠባል፤ በየቦዩ የተሰካው ጠጠር አንድ በአንድ ይነቀላል፤ የተሰነጠቀ ወይም ውሃ የገባበት ቦታ እንዳለ ይታያል። ቀጥሎ በጥልቀት መለኪያ ዙሪያው ሁሉ ይለካል፤ ቢላው የሚስተካከለው ከሁሉም ይበልጥ ባለቀው ቦታ ልክ ነው። እዚያ ቦታ 3 ሚሊ ሜትር ቀርቶ ከሆነና 3 ሚሊ ሜትር መቁረጥ ከተፈቀደ፣ ቢላው 6 ሚሊ ሜትር ወጥቶ ይታሰራል። ለእያንዳንዱ የጥርስ ዓይነት ፋብሪካው ያወጣው ሥዕል አለ፦ የትኛው ቦይ እንደሚቆረጥ፣ በምን ያህል ስፋት፣ በምን ያህል ጥልቀት። ቢላው ታችኛው ጫፉ ክብ ነው። ቦዩ ማዕዘን ኖሮት ከተቆረጠ ስንጥቁ ከማዕዘኑ ስለሚጀምር ነው እንዲህ የተደረገው። ሙቀቱም ልክ አለው፤ ከበዛ ጎማውን ያቃጥለዋል፣ ካነሰ ይቦጫጭቀዋል። በልኩ ከሆነ የተቆረጠው ጎማ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሳይበጠስ ተጠቅልሎ ይወጣል። ሲያልቅ በአዲሱ ቦይ ወለልና በሽቦው መካከል ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር ጎማ መቅረት አለበት። አሜሪካኖቹ ይህን ከፍ አድርገው በሕግ 2.4 ሚሊ ሜትር ግድም አድርገውታል።

ለምን ጥርሱ ሳያልቅ ይቆረጣል? ሙልጭ ካለ በኋላ የሚከተሉት ቦይ የለም። ሾፌሩ ንፋሱን ሳይከታተል ስለነዳው፣ ወይም የፊት እግሩ አሰላለፍ ስለተዛባ፣ አንዱ ወገን ከሌላው አብልጦ ተበልቷል፤ ያ የተበላው ወገን ምናልባት ሽቦው ጋ ሊደርስ ትንሽ ነው የቀረው። በዚያ ላይ ሙልጭ ብሎ በሮጠበት ጊዜ ሁሉ ድንጋይ ሲመታው ኖሯል። 3 ሚሊ ሜትር ላይ ሲቆረጥ ግን መንገዱም ይታያል፣ ጉዳቱም ይታወቃል።

ሌላም ጥቅም አለው፤ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ጎማ ሲንከባለል እየታጠፈና እየተዘረጋ ነዳጅ ይበላል። ጥርሱ ረጅም የሆነ አዲስ ጎማ ብዙ ይታጠፋል፣ ብዙም ይሞቃል። እየሳሳ ሲሄድ መታጠፉ ይቀንሳል፣ ነዳጁም ይቀንሳል። ስለዚህ ጎማ ለነዳጅ ከሁሉ የሚሻልበት ዕድሜው የመጨረሻው ነው፤ እኛ ግን አውጥተን የምንጥለው ልክ እዚያ ሲደርስ ነው። መቁረጡ ያንን ቆጣቢ ዕድሜ ያራዝመዋል። ሚሽሊን አራት ዕድሜ የሚለው ይህንኑ ነው፦ አዲስ፣ የተቆረጠ፣ አዲስ ጥርስ የለበሰ፣ እንደገና የተቆረጠ። መቁረጡ ብቻ እስከ 25 በመቶ ተጨማሪ ኪሎ ሜትር እንደሚሰጥ ኩባንያው ይናገራል። ይህ ሻጭ የሚናገረው መሆኑ ሳይዘነጋ፣ በየቀኑ በእጄ ከሚያልፉት ጎማዎች የማየው ከዚያ ብዙ አይርቅም።

አገር ቤት በሄድኩበት ጊዜ ሞጆ ላይ የቆምኩበት የጎሚስታ ቤት ባለቤት በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። የሰጌቶ ምላጭ አጥፈው፣ እንጨት እጀታ ገጥመውለት፣ በሳሙና ውሃ እያራሱ ነው የሚቆርጡት። ትራንስፎርመር የለ፣ የጋለ ቢላ የለ። ቦዩ ግን ቀጥ ያለ ነው፤ ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር አይዛነፍም። የእኛ ጋራዥ አዲስ ሠራተኛ በማሽን እንኳ እንዲህ አድርጎ አይቆርጠውም።

«ጋሼ፣ ሽቦው ጋ እንዳይደርሱ በምን ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«እጄ ያውቀዋል ልጄ። ቢላው ጠጠር ሲልብኝ አቆማለሁ።»

ያስደነገጠኝ ይህ መልስ ነው። ቢላው ጠጠር የሚለው ሽቦውን ሲነካ ነው፤ ያኔ መቅረት የነበረበት 2 ሚሊ ሜትር ሄዷል። ከዚያ በኋላ ክረምት ሲመጣ ውሃ በቦዩ ወለል በኩል ሽቦው ውስጥ ይገባል፣ ሽቦው ይዝጋል፣ ላዩ ያለው ጎማ ከሽቦው ይለቃል። አንድ ቀን ደግሞ አዋሽን አልፎ ፀሐዩ ሲበረታ፣ ጭነቱም ሲከብድ፣ ጥርሱ በሙሉ ተገንጥሎ መንገድ ዳር ይቀራል። በአፋር መንገድ ዳርና ዳር የምናየው የተበጣጠሰ ጎማ ሁሉ እንዲህ መጣ ማለቴ አይደለም፤ ንፋስ ማነስና ከልክ በላይ መጫን ብዙውን ይገድላሉ። ግን በዚህ መንገድም ይመጣል።

እኚህ ሰው ባላቸው ነገር የሚችሉትን እያደረጉ ነው። ያልነገራቸው ፋብሪካው ነው፣ ነጋዴው ነው፣ ጎማውን ያመጣው ሰው ነው። ከዚያም በላይ የሚቆርጡት ጎማ አብዛኛው ለመቆረጥ የተሠራ አይደለም። ጎኑን ዞሬ አየሁት፤ ጽሑፉ የለበትም። ቻይና ሠራሽ ይሁን ሌላ፣ ዋጋው የረከሰው ያ የማይታየው ንጣፍ ሳስቶ ሊሆን ይችላል።

ባለ መኪናው ለምን ያስቆርጣል ብሎ መፍረድም ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልፈርድም። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ጎማ ደግሞ በዶላር የሚገባ ዕቃ ነው። መኪናና ተሳቢ አንድ ላይ ሆነው ከሃያ የሚበልጥ ጎማ ይጠይቃሉ። መለወጡ የማይሞከር ሲሆን ያለውን ማኖር ግዴታ ነው። የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው፦ ለቦሎ ሲባል ብቻ የሚቆረጥ ጎማ አለ። መርማሪው በዓይኑ ጥርስ እንዲያይ፣ ሙልጭ ያለው ጎማ ላይ ቦይ ይሳልበታል። ያ ጎማ ከመቆረጡ በፊት ከነበረበት የባሰ ሆኖ ነው ከጋራዡ የሚወጣው፤ የሳሳውን ደግሞ አሳስተውታልና።

ጀርመን ውስጥ የሚሠራውን እንዳለ ገልብጠን እንውሰድ አልልም። እዚህ የሚቆረጠው ጎማ የሚሮጠው አስፋልት ላይ ነው፣ ብዙውን ጊዜም ለጥ ባለ መንገድ። የእኛ የጅቡቲ መስመር አብዛኛውን ወጪና ገቢ ንግዳችንን የሚሸከም ሆኖ፣ ከደጋው ተነሥቶ ወደ ባሕር ጠለል የሚወርድ፣ ሙቀቱ የሚያቃጥል፣ አስፋልቱም በየቦታው የተበላ መንገድ ነው። የተቆረጠ ጎማ በሽቦውና በድንጋዩ መካከል ያለው ንጣፍ ቀጭን ነው። ስለታም ጠጠር ያለበት መንገድ ላይ፣ ካባ ውስጥ፣ ግንባታ ቦታ የሚሠራ መኪና ጎማ መቆረጥ የለበትም ብዬ ነው የማምነው፤ አምራቾቹም ድንጋይ የሚበዛበት ሥራ ላይ አታድርጉት ይላሉ። በአንጻሩ አዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ሲመላለስ ለሚውል መኪና፣ ትክክለኛው ጎማ በትክክለኛው ጊዜ ቢቆረጥ ጥቅሙ ሙሉ ነው።

ክረምት ላይ ደግሞ ቦይ ማለት ሕይወት ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል የሚወርድ የተጫነ መኪና ጎማው ውሃውን ገፍቶ አስፋልቱን ካልያዘ፣ ፍሬኑ ምንም ያህል ጤነኛ ቢሆን መኪናውን አያቆመውም። ለዚህ ነው መቁረጥን ጨርሶ ከሚከለክሉት ጋር የማልስማማው። ሙልጭ ብሎ ከመውረድ፣ በሥርዓቱ የተቆረጠ ጎማ ይዞ መውረድ ይሻላል። ግን የት እግር ላይ? የአሜሪካ ሕግ እዚህ ላይ ቁርጥ ያለ ነው። 2,232 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ የሚሸከም የተቆረጠ ጎማ በከባድ መኪና የፊት እግር ላይ አይገጠምም፤ አውቶቡስ ከሆነማ የተቆረጠም ሆነ ታድሶ የለበሰ ጎማ ፊት ላይ ፈጽሞ አይፈቀድም። የፊት ጎማ ሲፈነዳ መሪው ከእጅ ይወጣል፤ ኋላ መንታ ጎማ ላይ አንዱ ቢፈነዳ ሌላው ይዞ ዳር ያደርሳል። ሕጉ እኛ ዘንድ ይኑር አይኑር፣ የተቆረጠ ጎማ ከፊት እግር ለማንሳት ፈቃድ የሚጠብቅ ባለ መኪና ያለ አይመስለኝም። የተቆረጠውን ኋላ ወይም ተሳቢው ላይ ግጠሙት፣ በቃ።

እዚህ ላለን ሰዎች የምጠይቀው ነገር አለኝ። ለወንድማችን፣ ለአጎታችን፣ ለሠፈር ልጅ ስንልክ ስልክና ጫማ ነው የምናስበው። ከባድ መኪና የሚነዳ ዘመድ ያለን ግን የጎማ ጥልቀት መለኪያ ብንልክስ? ዋጋው ጥቂት ዩሮ ነው፣ ኪስ ውስጥ ይገባል። ጥርሱ 3 ሚሊ ሜትር ላይ ደርሶ እንደሆነ በዓይን ከመገመት በመለኪያ ማወቅ፣ መቁረጫውን ማሽን ከመግዛትም ይቀድማል። አቅም ያለን ደግሞ ተሰባስበን ለአንድ ጎሚስታ የጋለ ቢላ ያለውን መሣሪያ ብንልክ፣ እንደ ሞጆው ባለሙያ ያለ እጅ ምን ሊሠራበት እንደሚችል አስባለሁ። ማሽኑ ብቻውን ግን አይበቃም፤ የፋብሪካው ሥዕልና ጥልቀቱ ሲነገር ነው የሚጠቅመው። ሥዕሎቹ በየአምራቾቹ መመሪያ ታትመው ይገኛሉ፤ ማውጣትና በአማርኛ ማስረዳት የእኛ ሥራ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ያገለገለ ከባድ መኪና ገዝቶ ወደ አገር ቤት ለመላክ የሚያስብም አለ። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ላይ ታክሱን ካከበደ ወዲህ እንደ ድሮው አይደለም፤ አሁንም ግን የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ። መኪናውን ስታዩ ሻጩ «ጎማው ገና ነው» ይላችኋል፣ ጥርሱም በእርግጥ ጥልቅ ሊሆን ይችላል። ጎንበስ በሉና ቦዩ ውስጥ እዩ። በፋብሪካ የወጣ ቦይ ግድግዳው ለስላሳ ነው፤ ወለሉ ላይ ደግሞ የማለቂያ ምልክት የሆኑት ትንንሽ ድልድዮች በየተወሰነ ርቀት አሉ። ድልድዮቹ መሐላቸው ተቆርጦ ቢላ ካለፈባቸው፣ ያ ጎማ አንዴ ተቆርጧል። ከእንግዲህ አገር ቤት የሚጠብቀው ጎሚስታ የሚያወጣለት ጥርስ የለውም። ጎኑ ላይ ከዲኦቲ (DOT) ጽሑፍ በኋላ መጨረሻ ያሉትን አራት አኃዞችም አንብቡ፤ 2319 ካለ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። የተቆረጠ ወይም ያረጀ ሆኖ ካገኛችሁት፣ ዋጋ ስትነጋገሩ ያንን ጎማ እንደ ጎማ አትቁጠሩት፤ የአዲስ ጎማ ዋጋ ከመኪናው ሒሳብ ላይ ይቀነስ በሉ።