ማንበብ ያቃተው ልጅ ለምን ይደባደባል?



ደሴ ከተማ በምናስተምርበት ትምህርት ቤት አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ አለ። የእጅ ጽሕፈቱ ያማረ ነው፤ ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን አንድም ፊደል ሳያስቀር ይገለብጣል። “እስኪ የጻፍከውን አንብብልን” ሲባል ግን ወይ ዝም ይላል፣ ወይ አጠገቡ የተቀመጠውን ልጅ በክርኑ ይጎሽመዋል። ስሙ ከረባሾች ተርታ ተጽፏል። በእረፍት ሰዓት ኳስ ጨዋታ የሚያስገባው የለም፤ እሱም ኳሱን ቀምቷቸው ይሮጣል።

ይኸው ልጅ ከሰዓት በኋላ መድረሳ ሲገባ ሌላ ሰው ነው። ኡስታዙን ስንጠይቃቸው “ማሻ አላህ፣ ጆሮው ፈጣን ነው” አሉን። ከጁዝ ዐማ ብዙውን በቃሉ ይዟል። ሁለቱ ወገኖች ስለ አንድ ልጅ የሚናገሩ አይመስሉም ነበር።

እኛ በመድረሳውም በአስኳላውም ያለፍን በመሆናችን ነገሩን ለመጠርጠር አልተቸገርንም። መድረሳ ልጁ ተራውን ጠብቆ ከኡስታዙ ፊት ይቀርባል፤ ለብቻው ይሰማል፣ ለብቻው ያሰማል። ካልያዘው ነገም ያንኑ ይደግማል እንጂ ትምህርቱ ጥሎት አይሄድም። አስኳላ ግን ስድሳ ልጅ አንድ ሰሌዳ ያያል፤ የዛሬው ትምህርት ያልገባው የነገው ይጨመርበታል። ኡስታዙ በጠየቅናቸው መሠረት ከመስመር መሐል አንድ ቃል በጣታቸው አመለከቱት። ልጁ ሱራውን ከመጀመሪያው ካልቀራ በቀር ቃሉን ሊያውቀው አልቻለም። ችግሩ ለካ እዚያም ነበር፤ ፈጣን ጆሮው ሸፍኖለት ነው።

የልጆቻችንን ሸክም እስኪ እናስተውለው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። “ቡ” እና “ቢ” የሚለዩት በአንዲት ጭረት ነው፤ አንዷ ከወገቡ፣ ሌላዋ ከእግሩ ላይ ትቀጠላለች። በዐረብኛው 28 ሆሄያት ውስጥ ደግሞ ባ፣ ታና ሣ ቅርጻቸው አንድ ሆኖ በነጥብ ብቻ ይለያያሉ፤ ያውም ንባቡ ከቀኝ ወደ ግራ ነው። እንግሊዝኛም ይጨመርበታል። አብዛኛው ልጅ ይወጣዋል። ምልክትን ከድምፅ ጋር ማጋጠም የሚከብደው ልጅ ግን በሁሉም ይደናገራል። ይህ ስንፍናም ቂልነትም አይደለም።

ድብድቡስ? ለሁለት ሳምንት የተጣላበትን ሰዓት ደብተር ላይ መዘገብን። አብዛኛው ከንባብ ክፍለ ጊዜ በኋላ ሆኖ ተገኘ። ሲንተባተብ ይስቁበታል፤ እሱም ደንቆሮ ከመባል ኃይለኛ መባልን መርጧል። በእሱ ዕድሜና በእሱ ቦታ ብንሆን እኛም ያንኑ የምንመርጥ ይመስለናል።

አባቱ ሰኞ ገበያ ይነግዳሉ። ጠርተናቸው ሲመጡ ሐሳባቸውን ቆርጠው ነበር። “መምህር፣ ጭንቅላት ካልተሰጠው ምን ይደረጋል? ሱቅ ይቀመጥልኝ” አሉ። ልጁ በር ላይ ቆሞ ይሰማል። እናቱ በበኩላቸው ዓይን በልቶት እንደሆነ ብለው ዱዓ አስደርገውለታል። ዱዓው መልካም ነው፤ ጤና ጣቢያ ወስደውም ዓይኑንና ጆሮውን እንዲያስመረምሩት ለመንናቸው። (ጆሮው የሚመግል ወይም ሰሌዳው የሚደበዝዝበት ልጅ ማንም ሳይጠይቀው ዓመቱ ያልፋል።) ደኅና ነው ተባለ። አባትየውም እስከ ዓመቱ መጨረሻ እንዲታገሡን ጠይቀናቸው እያቅማሙ ተስማሙ። ሲወጡ ግን “ግረፉት፣ እኔ ፈቅጃለሁ” አሉን።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጆችን በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ጠብቋቸዋል። ሕጉስ ባይኖር? አነስ ኢብኑ ማሊክ በልጅነታቸው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) አሥር ዓመት ያህል ሲያገለግሉ አንድም ቀን በተግሣጽ ቃል እንዳልተናገሯቸው መመስከራቸውን መድረሳ የዋለ ሁሉ ያውቃል። ይህ እየተነገረ አለንጋ ግድግዳ ላይ የሚሰቀልበት ቤት መኖሩ ይገርመናል።

ፊደሉን በጆሮው በኩል እናስገባለት ብለን ከ“በ” ጀመርን። በሳምንት አንድ ዘር ብቻ፣ በቀን አሥር ደቂቃ ብቻ። ድምፁን ይሰማል፣ ጮክ ብሎ ይላል፣ አሸዋ ላይ በጣቱ ይጽፋል፤ ከዚያ “ቡና”፣ “በርበሬ” እያልን ድምፁን ከሚያውቀው ቃል ውስጥ ይፈልጋል። ኡስታዙም ባ፣ ታና ሣን ሎህ ላይ በዚሁ መንገድ ያሳዩት ጀመር። ክፍል ውስጥ በድንገት ተነሥተህ አንብብ አንለውም፤ የሚያነባትን አንዲት መስመር ከአንድ ቀን በፊት እናሳየዋለን።

እናቱ ፊደል አልቆጠሩም። ስለዚህ ማታ ማታ የተማረውን እሳቸውን እንዲያስተምር ነገርነው። “ኧረ ኡስታዝ ሆኖብኛል! ‘ቢ’ን ‘ቡ’ ብለው ተቆጣኝ” ብለው እየሳቁ አጫወቱን።

ጓደኝነትን በትእዛዝ ማምጣት አይቻልም። ክፍሉን ሰብስቦ “ከእሱ ጋር ተጫወቱ” ማለት ልጁን የባሰ ያሳፍረዋል። የቤታቸው መንገድ አንድ የሆነ፣ ረጋ ያለ አንድ ልጅ መረጥንና ለሁለቱ ደወል የመደወል ሥራ ሰጠናቸው። በሦስተኛው ሳምንት አብረው ሲሄዱ አየን። ኳስ ላይም በረኛ አድርገውታል። ጠቡ ቀንሷል እንጂ አልቀረም፤ ባለፈው ሳምንት እንኳ አንድ ሸሚዝ ተቀዷል።

አሁን አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን በዝግታ ያነባል። አባቱ የሱቁን ነገር ለጊዜው አላነሡም። ሰኞ ሰኞ ግን አሁንም ከትምህርት ይቀራል፤ የገበያ ቀን ነውና ረዳት ይፈልጋሉ። በዚህ ገና አልተስማማንም። ማክሰኞ ጧት ከደወሉ በፊት ቀደም ብሎ ይመጣል፤ ያመለጠውን ያን ጊዜ እናሳየዋለን።